«በእምነት ብቻ» መዳንን በአራት የምሳ ሰዓት ጥናት ማስተማር

ሰንጋ ተራ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ አማኝ ወንጌልን ለባልደረባው ረጋ ብሎ የሚያስረዳበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ የምሳ ሰዓት። ከሥራ በኋላ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ቅዳሜ ሰርግና ለቅሶ አለ፤ እሑድ ሁሉም ወደየአጥቢያው ይበተናል። ይህ መመሪያ «ኢየሱስን በማመን ብቻ ሰው እንዴት ይድናል?» ብሎ ከልቡ የጠየቀ ባልደረባ ላላችሁና ጥያቄውን በአራት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በሥርዓት ልትመልሱለት ለምትፈልጉ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ልብ በሉ፦ ጥናቱ የሚቃናውም የሚበላሸውም እምነትን በምታቀርቡበት መንገድ ነው። እምነት ሰው ለእግዚአብሔር የሚከፍለው ዋጋ ሆኖ ከቀረበ፣ ሥራን በፊት ለፊት በር አስወጥታችሁ በጓሮ መልሳችሁ አስገባችሁት ማለት ነው። የሚያድነው ክርስቶስ ነው፤ እምነት እርሱንና እርሱ የሠራውን መቀበል ነው። እምነታችን ቢደክም የሚያድነን አይደክምም። በአራቱም ሳምንት ከዚህ እንዳትወጡ።

ቦታው፣ ሰዉና ሰዓቱ

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው አድማጭ ይሆንና እውነተኛው ጥያቄ በሆድ ተይዞ ይቀራል። ጠያቂዋ ሴት ሆና አስተማሪው ወንድ ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ሦስተኛ ሰው ጨምሩ፤ በመሥሪያ ቤት ወሬ ምክንያት ጥናቱ እንዳይቋረጥ ይረዳል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከሆናችሁ በቢሮው ወይም በአዳራሹ አትሰብሰቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል። ሌላም ምክንያት አለ፤ አለቃ የበታቹን በቢሮው አስቀምጦ ወንጌል ሲያስተምረው፣ የበታቹ «አይ፣ ይቅርብኝ» ለማለት ነጻነት የለውም። እንዲህ ያለ ሰው አራቱንም ሳምንት ራሱን እየነቀነቀ ይጨርስና ምንም ሳይቀበል ይሄዳል። አለቃ ከሆናችሁ ሌላ ሰው ያስተምር። በእግር አሥር ደቂቃ የማይርቅ አጥቢያ ካለ የትምህርት ክፍል እንዲፈቅዱላችሁ አስቀድማችሁ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ካልተገኘ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ወይም ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ምረጡ፤ ቴሌቪዥን የሌለበት ቢሆን ይመረጣል።

የመንግሥት ቢሮዎች የምሳ እረፍት በአብዛኛው ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ዓርብ ደግሞ ከ5፡30 እስከ 7፡30። በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመሄጃና ለመመለሻ 15 ደቂቃ፣ ለመብያ 10 ደቂቃ፣ ለጥናቱ 30 ደቂቃ፣ ለጸሎት 5 ደቂቃ መድቡ። ሦስተኛው ክፍል ረጅም ስለሆነ ለዓርብ አቆዩት። ዓርብ የጾም ቀን መሆኑን ግን አትርሱ፤ እንግዳችሁ የሚጾም ከሆነ ሁላችሁም የጾም ምግብ እዘዙ። በሚጾም ሰው ፊት ክትፎ አዝዞ ስለ ጸጋ ማስተማር ጸጋን ሳይሆን ንቀትን ያስተምራል።

መጽሐፍ ቅዱሱን በተመለከተ ሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም ቢይዝ ጊዜ ይቆጥባል፤ የ1954ቱ ወይም አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይሁን። እንግዳችሁ 81 መጻሕፍት ያሉትን ይዞ ቢመጣ በደስታ ተቀበሉት፤ በዚህ ጥናት የሚነበቡት ክፍሎች ሁሉ እዚያም አሉ። መዝሙረ ዳዊት ላይ ብቻ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል፤ የዳዊት የንስሐ መዝሙር በአንዱ 51 ሲሆን በሌላው 50 ነው። ከስልክ ይልቅ የዕለቱን ክፍል በአንድ ወረቀት ላይ አሳትሞ ማደል ይሻላል። ሰው ያሰመረበትን ወረቀት ማታ ቤቱ አውጥቶ ያያል፤ ስልክ ላይ ግን በጥቅሱ መሐል የባንክ መልእክት ይገባል።

ንባቡን እንግዳው ያንብብ፤ እናንተ ጠይቁ። መልሱም «ቄሱ እንዲህ አሉ» ወይም «ፓስተራችን እንዲህ ብለዋል» ሳይሆን ጣት በሚቀመጥበት ቁጥር ላይ የተጻፈው ይሁን።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሉቃስ 18፡9-14

ብዙዎች ከሮሜ 3፡23 ይጀምራሉ። «ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋልና» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ላይ ተለጥፎ ጭምር ስለሚታይ ሰው ሳይደነግጥበት ያልፈዋል። ስለዚህ ከፈሪሳዊውና ከቀራጩ ጀምሩ። አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላ ሦስት ጥያቄ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። ፈሪሳዊው ስለ ራሱ የተናገረው ሐሰት ነው ወይ? ክፍሉ ሐሰት ነው አይልም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፣ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣል። መልካምነቱን ከራሱ ነው ያለው ወይስ እግዚአብሔርን አመሰገነ? አመሰገነ። ታዲያ ምን ጎደለው?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም በሉ። ዝምታው አንድ ደቂቃ ቢወስድም እናንተ አትሙሉት። መልሱ ቁጥር 9 ላይ ነው፤ ምሳሌው የተነገረው በራሳቸው ለታመኑ ሰዎች ነው። ፈሪሳዊው «እግዚአብሔር ረድቶኝ ጥሩ ሰው ሆኛለሁና ተቀባይነት አለኝ» የሚል ሰው ነው። ከተማችን ውስጥ በብዛት የምናገኘውም ይህንኑ ነው፤ ያለ እግዚአብሔር እድናለሁ የሚል እምብዛም የለም። ቀራጩ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ከማለት በቀር ያቀረበው ነገር አልነበረም፤ ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን እርሱ ነው። «ጻድቅ ሆኖ» የሚለውን አስምሩበት፤ በሦስተኛው ሳምንት ትመለሱበታላችሁ። ከዚያ በኋላ ሮሜ 3፡10-12፣ 19-20ና 23ን አንብቡ፤ አሁን ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ይታወቃል። አስተማሪው ምሳሌውን አንሥቶ የኦርቶዶክሱን ጾም ይመታበታል። እንግዳው ይከፋዋል፤ ምክንያትም አለው። ይልቁንስ የራሳችሁን ዝርዝር አስቀድሙ፦ መጠጥ አለመቅመስ፣ መዘምራን ውስጥ ማገልገል፣ አሥራት አለማጓደል፣ የጸሎት ፕሮግራም አለመቅረት። በእነዚህም መታመን ያው ፈሪሳዊነት ነው። አማኙ በራሱ ላይ ሲፈርድ የሰማ እንግዳ የራሱን ለማየት ድፍረት ያገኛል።

ሌላው ጥፋት ሰውን በባልደረቦቹ ፊት ኃጢአቱን እንዲዘረዝር መገፋፋት ነው። አታድርጉት። ማቴዎስ 5፡21-28 ይነበብ፤ እያንዳንዱ በልቡ ይመዝን።

ሁለተኛው ሳምንት፦ ክርስቶስ ምን ሠራ?

ኢሳይያስ 53፡5-6፣ ሮሜ 3፡24-26፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 5፡21 እና ዕብራውያን 10፡11-14 ይበቃሉ። ጥቅስ መደራረብ የአስተማሪ ፈተና ነው፤ በ30 ደቂቃ ከአራት ክፍል በላይ ማንም አይዝም።

የሚመለሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ እግዚአብሔር መሐሪ ከሆነ ለምን ዝም ብሎ ይቅር አይልም? ሮሜ 3፡26 መልሱን ይዟል፤ እግዚአብሔር ራሱ ጻድቅ እንደሆነ በኢየሱስ የሚያምነውን ያጸድቃል። ፍርዱ አልተሰረዘም፤ በመስቀል ላይ ወደቀ።

በባንኮች መንደር መሐል ተቀምጣችሁ ስለምታስተምሩ የዕዳን ነገር መጠቀም ትችላላችሁ፤ ጳውሎስም ሮሜ 4 ላይ የሚናገረው ስለ መቁጠርና ስለ ደመወዝ ነው። አንድ ሰው የባንክ ብድሩን ሌላ ከፍሎ ዘጋለት እንበል። ባለ ዕዳው ባንክ ሄዶ «እኔም ትንሽ ልጨምር» ቢል የሚቀበለው የለም፤ ሂሳቡ ተዘግቷል። ምሳሌው እስከዚህ ይሠራል። የሚጎድለውንም ግን ራሳችሁ ተናገሩ፤ ብድሩ የተዘጋለት ሰው ሂሳቡ ዜሮ ነው፣ በክርስቶስ ያመነ ሰው ግን ዜሮ ላይ አልቀረም። 2ኛ ቆሮንቶስ 5፡21 እንደሚለው ኃጢአታችን በእርሱ ላይ ሲሆን ጽድቁ የእኛ ሆነ። ይህን ያልተማረ አማኝ «ያለፈው ተሰርዞልኛል፤ ከእንግዲህ ያለውን ራሴ እሞላለሁ» ብሎ ይጀምርና በስድስት ወር ውስጥ ይዝላል።

ዕብራውያን 10 ላይ የካህናቱን መቆምና የክርስቶስን መቀመጥ አሳዩ። ዕለት ዕለት የሚሠዋ ካህን ይቆማል፤ እርሱ አንድ መሥዋዕት ለዘላለም አቅርቦ ተቀመጠ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አብን ቁጡ፣ ወልድን አስታራቂ ብቻ አድርጋችሁ አትሳሉ፤ ልጁን የሰጠው አብ ስለወደደን ነው፤ ሮሜ 5፡8። ትንሣኤውንም አትዝለሉ፤ ሮሜ 4፡25 ስለ በደላችን አልፎ መሰጠቱንና እኛን ስለ ማጽደቅ መነሣቱን በአንድነት ይናገራል።

«በኢየሱስ ብቻ» ስትሉ አንዳንድ የአዲስ አበባ ሰው በተለምዶ «ኦንሊ ጂሰስ» የሚባለውን፣ ሥላሴን የማይቀበለውን ትምህርት ያስተማራችሁት ሊመስለው ይችላል። በግልጽ ለዩት፤ አብ ላከ፣ ወልድ ሞቶ ተነሣ፣ መንፈስ ቅዱስ ይህን በልባችን ያትማል። «ብቻ» ያልነው ከኢየሱስ ሌላ አዳኝ የለም ለማለት ነው፤ ሐዋርያት ሥራ 4፡12።

የእመቤታችንና የቅዱሳን ምልጃ ጥያቄ በዚህ ሳምንት ሳይነሣ አይቀርም። ስሟን ስትጠሩ በአክብሮት ጥሩ፤ «ቅድስት ድንግል ማርያም» ወይም «እመቤታችን» በሉ። «ማርያም» ብቻ ብሎ መጥራት በጆሮው ስድብ ይሆንበታል፤ ከዚያ በኋላ የምትሉትን አይሰማም። ክርክሩን ሙሉ በሙሉ አትክፈቱ፤ ሉቃስ 1፡47 ላይ እርሷ ራሷ እግዚአብሔርን «መድኃኒቴ» ማለቷን አሳዩና 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፡5ን አንብባችሁ ወደ ዕለቱ ክፍል ተመለሱ።

ስለ ኦርቶዶክስ ወዳጃችን

«እናንተ በሥራ ትድናላችሁ» አትበሉት። ቤተ ክርስቲያኑ ድኅነት በክርስቶስ ደም እንደሆነ ታስተምራለች፤ እርሱም ይህን ሲሰማ አድጓል። ልዩነቱ ያለው እምነት ከጥምቀት፣ ከቁርባንና ከምግባር ጋር ባለው ዝምድና ላይ ነው፤ እነዚህ ለመዳን አስፈላጊ ናቸው ወይስ የመዳን ፍሬና ምልክት ናቸው? ጥያቄውን በዚህ ልክ ካስቀመጣችሁት እውነተኛ ውይይት ይጀመራል። የሌላውን እምነት እርሱ በማያውቀው መልክ መግለጽ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። እንዲህ ያለው ንግግር በክብር ሊደረግ መቻሉ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1534 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል፤ በመልካም መግባባትም ተለያይተዋል።

ሦስተኛው ሳምንት፦ እምነት ምንድን ነው?

ዓርብ አድርጉት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መድቡለት። ክፍሉ ሮሜ 4፡1-12 ነው። ጳውሎስ አብርሃምን የጠራው ከሁሉም ይልቅ የሥራ ሰው ተብሎ የሚታመነውን ለይቶ ነው። በዘፍጥረት 15፡6 አብርሃም አመነ፣ ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። መቼ? ዕድሜዎቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር (ዘፍጥረት 16፡16)፤ ሲገረዝ 99 (17፡24)። ምዕራፍ 15 ከእስማኤል መወለድ በፊት ስለሆነ፣ አብርሃም ከመገረዙ ቢያንስ 13 ዓመት ቀድሞ ጸድቋል። ጳውሎስ በሮሜ 4፡10 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ተገርዞ ሳለ ነው ወይስ ሳይገረዝ? መገረዙ ቀድሞ የነበረውን ጽድቅ የሚያረጋግጥ ማኅተም ሆነ። ቁጥሮቹን እንግዳው ራሱ ቆጥሮ ሲያገኛቸው ነገሩ የእናንተ አስተያየት መሆኑ ይቀራል።

ቀጥላችሁ ሮሜ 4፡5ን ሦስት ጊዜ አስነብቡ፦ «ነገር ግን ለማይሠራ፥ ኃጢአተኛውንም በሚያጸድቅ ለሚያምን ሰው እምነቱ ጽድቅ ሆኖ ይቆጠርለታል።» እግዚአብሔር የሚያጸድቀው ጥሩውን ሰው አይልም፤ ኃጢአተኛውን ይላል። አብዛኛው ሰው «መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እመጣለሁ» ብሎ ዓመታት የሚያሳልፈው ይህ ቁጥር ስላልገባው ነው።

አሁን እምነትን ተንትኑ። የድሮ መምህራን በሦስት ይከፍሉታል፦ ማወቅ፣ መቀበል፣ መታመን። ማወቅ ክርስቶስ ማን እንደሆነና ምን እንደሠራ መስማት ነው። መቀበል ይህ እውነት ነው ማለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ የቆመ እምነት አያድንም፤ ያዕቆብ 2፡19 እንደሚለው አጋንንትም እስከዚያ ደርሰዋል፤ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም። ሦስተኛው መታመን ነው፤ «ለእኔ ነው የሞተው፤ በፍርድ ቀን የምቆመው በእርሱ ብቻ ነው» ብሎ መደገፍ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የማያሟላ ሰው ጥቂት ነው፤ የልጅነት ትምህርቱ ሰጥቶታል። የምታስተምሩት ስለ ሦስተኛው ነው። «ኢየሱስ ጌታ እንደሆነ ታምናለህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም «አዎ» ይላል፤ ምንም አልለያችሁም። «ዛሬ ማታ ብትሞትና እግዚአብሔር ለምን ላስገባህ ቢልህ ምን ትመልሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «እኔ…» ብሎ ከጀመረ፣ «እኔ ጾሜአለሁ»፣ «እኔ ሰው አልበደልኩም»፣ «እኔ አምኛለሁ» ቢል እንኳ፣ ትኩረቱ ወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ክርስቶስ…» ብሎ እስኪጀምር በትዕግሥት ወደ ክፍሉ መልሱት።

በመስቀል ላይ የነበረውን ወንበዴ ጨምሩ፤ ሉቃስ 23፡39-43። ያልተጠመቀ፣ ያልቆረበ፣ አንድ ብር ለድሃ ያልመለሰ፣ እጅና እግሩ የተቸነከረ ሰው ነው። የቀረው አፉ ብቻ ነበር፤ «አስበኝ» አለ። «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ። አንዳንዱ «እርሱ የተለየ ነው» ይላል። መልሱለት፤ ሁኔታው የተለየ ነው፣ የዳነበት ምክንያት ግን ያው ነው። ዕድሜ ቢያገኝ ኖሮ ሥራው ይከተል ነበር፤ ለመዳኑ ግን የጎደለው ነገር አልነበረም።

«እምነቴ ደካማ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ እምነቱን እንዲያጠነክር አትጫኑት፤ እንደዚያ ያደረገ አስተማሪ ሰውን ወደ ራሱ ውስጥ ይመልሰዋል። ማርቆስ 9፡24ን ስጡት፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው አባት ልጁ ተፈውሶለታል።

ጥምቀትስ? ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ቅደም ተከተል አሳዩ። ኢሳይያስ 53ን እያነበበ ነበር፤ ፊልጶስ ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት፤ ከዚያ ውኃ አየ፣ ተጠመቀ፣ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። ጥምቀትን አታቅልሉ፤ ጌታ ያዘዘው ነው። በዝርዝሩ ግን አትግቡ፤ መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወትና መሠረተ ክርስቶስ የሚያጠምቁት አምኖ የመሰከረን ነው። እንግዳው የሚሄድበት አጥቢያ ያስተምረው።

አራተኛው ሳምንት፦ ሥራ የት ገባ?

እስከዚህ በትክክል ካስተማራችሁ እንግዳችሁ «ታዲያ አምኜ እንደፈለግሁ ልኑራ!» ይላችኋል። አትደንግጡ። ጳውሎስም በሮሜ 6፡1 ይህን ጥያቄ ያነሣው ትምህርቱን የሰማ ሰው እንደሚጠይቀው ስለሚያውቅ ነው። ጥያቄው ፈጽሞ ካልተነሣ ጸጋውን አሳንሳችሁ አስተምራችሁ እንዳይሆን ሦስተኛውን ሳምንት መልሳችሁ ፈትሹ።

ኤፌሶን 2፡8-10ን አንብቡ፤ ሦስቱንም ቁጥር አንድ ላይ። ብዙ ሰው 8ና 9ን በቃሉ ያውቃል፤ ቁጥር 10 ላይ ይቆማል። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ይልና፣ «ከሥራ አይደለም» ይልና፣ ወዲያው መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ተፈጠርን ይላል። ሥራ ከመዳን በፊት ምክንያት ሆኖ አይገባም፤ ከመዳን በኋላ ግን መቅረት የለበትም። ገላትያ 5፡6 «በፍቅር የሚሠራ እምነት» ይለዋል።

ያዕቆብ 2፡24 ይነሣል፤ ቢያንስ አንድ ሰው አዘጋጅቶት ይመጣል። «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ይላልና። አትሽሹት፤ እንዲያውም ቀድማችሁ አንሡት። ከቁጥር 14 ጀምራችሁ አንብቡ፤ ያዕቆብ የሚጠይቀው «እምነት አለኝ» ስለሚል ሰው ነው። የተራበውን ወንድሙን «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ ሰው ነው። ከዚያ የአብርሃምን ዘመን ወረቀት እንደገና አውጡ። ጳውሎስ የጠቀሰው ዘፍጥረት 15ን ነው፤ አብርሃም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ የተባለበትን ቀን። ያዕቆብ በቁጥር 21 የጠቀሰው ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ያቀረበበትን ዘፍጥረት 22ን ነው፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ ያ እምነት ሕያው መሆኑ የታየበትን። ጳውሎስ በሥራው የሚመካውን ይመልሳል፤ ያዕቆብ ሥራ የሌለውን ወሬኛ ይገሥጻል። ሁለቱም በአዲስ አበባ በብዛት አሉ። ያዕቆብን ለማዳከም የሚሞክር አስተማሪ የመጀመሪያውን ሰው ይረዳና ሁለተኛውን ያጠፋል።

ስለሞቱ ዘመዶች የሚነሣውን ጥያቄ ለዚህ ሳምንት አዘጋጁ። «እናቴ እየጾመች፣ እያነባች፣ ሰው እያበላች ሞተች፤ እርሷስ?» ይህ ክርክር ሳይሆን ሐዘን ነው። ፍርድ አትስጡ፤ በልቧ በማን እንደታመነች እናንተ አታውቁም። ዘፍጥረት 18፡25 የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ይፈርዳል ይላል፤ እዚያ አቁሙ። ጠያቂው ታላቅ ሰው ከሆኑ፣ ጋሼ ወይም እትዬ የሚባሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና ሐዘናቸውን አስቀድሙ፤ ትምህርቱ ለሌላ ቀን ይደርሳል።

ልመን ሲል

ሰው በየትኛውም ሳምንት «ማመን እፈልጋለሁ» ሊል ይችላል። አራተኛውን አትጠብቁ። «ከእኔ በኋላ በል» ብሎ ጸሎት ማስደገም ቀላል ነው፤ ችግሩ ሰውየው በኋላ የሚደገፈው በዚያ ጸሎት ላይ መሆኑ ነው። ከዓመት በኋላ «ያኔ እጄን አንሥቼ ነበር» ይላል፤ ክርስቶስን አይጠቅስም። በራሱ ቃል ይጸልይ፤ አራት ነገር ብቻ አስታውሱት፦ ኃጢአተኛነቱን፣ ክርስቶስ ስለ እርሱ መሞቱንና መነሣቱን፣ በራሱ መታመኑን መተዉንና በክርስቶስ መደገፉን፣ ከእንግዲህ ጌታው እርሱ መሆኑን። ጸሎቱ ቢንተባተብ ተዉት፤ ቀራጩም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጸደቀው። ከጸሎቱ በኋላ «ዳንክ!» ብላችሁ እናንተ አታውጁ፤ ዮሐንስ 5፡24ን አስነብቡትና «የዘላለም ሕይወት አለው» የሚለው ለማን እንደሆነ እርሱ ይንገራችሁ።

ከዚያ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

በመጀመሪያው ወር የሚመጣው «ምንም አልተሰማኝም» ነው። መስካሪዎች በመድረክ ላይ ያለቀሱትን፣ የወደቁትን፣ ሰላም የፈሰሰባቸውን ሲናገሩ የሰማ ሰው የእርሱ እምነት ውሸት ይመስለዋል። 1ኛ ዮሐንስ 5፡11-13ን ስጡት፤ የተጻፈው እንዲያውቁ ነው፤ እንዲሰማቸው አላለም። ሁለተኛው የቀድሞ ኃጢአት መመለስ ነው። «አልዳንኩም ማለት ነው» ይላል፤ ሐሙስ ወድቆ እሑድ እንደገና ለመዳን መድረክ ይወጣል። 1ኛ ዮሐንስ 1፡9ና 2፡1 ለአማኝ የተጻፉ መሆናቸውን አሳዩት፤ ልጅ ሲበድል ከአባቱ ይታረቃል፣ እንደገና አይወለድም። ንስሐ ሳይገባ በኃጢአቱ ተመችቶት የሚኖረውን ደግሞ በዚህ አታጽናኑት፤ እርሱን ያዕቆብ 2ን መልሳችሁ አስነብቡት።

ማተቡን እንዲበጥስ የሚገፋፉት ሰዎች ይኖራሉ። እናንተ አታዝዙት። ማተብ መበጠስ የመዳን መግቢያ ከተደረገ በገላትያ ግርዘት ላይ ከቀረበው ጥያቄ ጋር ያው ነው፤ ማሰርም መበጠስም አያድንም። እናቱ በፆም ቀን ሥጋ በልቶ እንዲያሳያት አትፈልግም፤ እናንተም አትፈልጉ። ቤተሰቡን በትህትና ሲያገለግል አይተው ይጠይቁት።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን በጸጋ ከጀመረ በኋላ አዲስ ዝርዝር የሚያሸክሙት ናቸው። በልሳን ካልተናገርክ አልተሞላህም፣ አልተሞላህምና አልዳንክ ይሉታል። ይህን ያህል ዘር ካልዘራህ በረከቱ ተዘግቶብሃል ይሉታል። ሥራ ካላገኘህ እምነትህ ጎድሎ ነው ይሉታል። ይህ ሁሉ ክርስቶስ ሲደመር ሌላ ነገር ነው። ገላትያ 2፡21ን በቃሉ እንዲይዝ አድርጉት፦ «ጽድቅስ በሕግ በኩል ከሆነ እንኪያስ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ።» በቃሉ የያዘው ሰው አፈ ጮሌ ሰባኪ ሲመጣበት መመዘኛ አለው።

አራቱ ሳምንት ሲያልቁ በሚቀጥለው እሑድ ወደ አንድ አጥቢያ አብራችሁት ሂዱ፤ አድራሻ ሰጥቶ መላክ አይበቃም። ቤቱ አያት ወይም ጀሞ ሆኖ ሥራው ሜክሲኮ ከሆነ የሚቀላቀለው በሰፈሩ ያለውን ጉባኤ ነው፤ የእናንተን አጥቢያ መሙላት ግባችሁ አይሁን። የአጥቢያውን ሽማግሌ ወይም ክትትል ክፍል አስቀድማችሁ በስልክ አነጋግሩ፣ የመሠረተ ትምህርት ቀኑን ጠይቁ፣ የሚቀበለውን ሰው ስም ያዙ። የምሳ ሰዓቱን ቀን ለአንድ ወር አትዝጉት፤ ጥያቄ ይዞ ይመለሳልና ወንበሩን ጠብቁለት።